ከቶኪዮ ወደ ተራራና ወደ ፍል ውሃ፦ የሃያ አንድ ቀን ጉዞ የአንድ ቀን የሆነበት ታሪክ

በዕረፍት ቀን ጧት በቶኪዮ ከተማ ወደ ሺንጁኩ የምድር ባቡር ጣቢያ የሚሄድ ሰው፥ የተራራ ጫማ ያጠለቁና ትንሽ ቦርሳ በጀርባቸው ያዘሉ ሽማግሌዎችን፥ ባልና ሚስቶችን፥ ተማሪዎችንም በብዛት ያያል። እነዚህ ሰዎች አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል በባቡር ተጕዘው ከአንድ ተራራ ግርጌ ይወርዳሉ፤ ተራራውን ይወጣሉ፤ ከወረዱም በኋላ በአካባቢው በሚገኝ ፍል ውሃ ገላቸውን ታጥበው ለራት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ይህን የመሰለው ጉዞ የዘመናዊ ኑሮ ፍሬ ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ባቡሩ አዲስ ነው፤ ጫማው አዲስ ነው፤ እሑድን ማረፍም ለጃፓን ሰው ከ19ኛው መቶ ዘመን ወዲህ የመጣ ልማድ ነው። ነገር ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ነገሩን ለመረመረ ሰው፥ የዛሬው ተጓዥ የሚረግጠው መንገድ ከብዙ ዘመን በፊት የተከፈተ ሆኖ ይገኛል። የከፈቱትም ሁለት ምክንያቶች ናቸው፤ እነሱም ጸሎትና ሕመም ናቸው። ተራው ሕዝብ ከቤቱ እንዲወጣ በማይፈለግበት ዘመን «ልሳለም ነው» ወይም «ልታከም ነው» ያለ ሰው መንገድ ይለቀቅለት ነበር። ደስታና ዕረፍት በእነዚህ በሁለቱ ስም ተሸፍነው አለፉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ መሸፈኛ ቀስ በቀስ እንዴት እንደ ተነሣ፥ አንድ ጊዜም እንዴት ተመልሶ እንደ መጣ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ ቦታዎቹ ጥቂት እንበል። ከቶኪዮ በስተ ምዕራብ ሜዳው አልቆ ተራራው በሚጀምርበት ቦታ ታካኦ የሚባል 599 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ አለ። በደቡብ ምዕራብ በኩል ደግሞ 1,252 ሜትር ከፍታ ያለው ኦያማ ብቻውን እንደ ድንኳን ቆሞ ይታያል። ከዚያ አልፎ የሃኮኔ ተራሮች ይገኛሉ። ሃኮኔ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ አገር ነው፤ መካከሉ ተደርምሶ ጐድጓዳ ሆኖ ከቀረ በኋላ በውስጡ አዳዲስ ጫፎች ተነሥተዋል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ካሚያማ 1,438 ሜትር ነው። በኦዋኩዳኒ ሸለቆ ድኝ ድኝ የሚሸት እንፋሎት እስከ ዛሬ ከመሬት ይወጣል። ፍል ውሃውም የሚመጣው ከዚሁ ከምድር እሳት ነው።

ቶኩጋዋ ኢየያሱ በ1603 ሾጉን ተብሎ የጃፓንን የጦርና የመንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ ኤዶ፥ ማለት የዛሬዋ ቶኪዮ፥ የአገዛዙ መናገሻ ሆነች። ከኤዶ አምስት ታላላቅ መንገዶች ወደ አገሩ ሁሉ ተዘረጉ፤ ከነዚህም ዋነኛው ወደ ኪዮቶ የሚወስደው ቶካይዶ ሲሆን 53 የመንገደኛ ጣቢያዎች ነበሩት። መንገዱ ግን ለሁሉም በነጻ የተከፈተ አልነበረም። ከ1635 ጀምሮ መሳፍንቱ ተራ እየጠበቁ ኤዶ እንዲቀመጡ፥ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ደግሞ ሁልጊዜ በዚያው እንዲኖሩ ታዘዘ። ይህ በጨዋ አነጋገር የተነገረ መያዣ ነበር። ስለዚህ በየመንገዱ ኬላ ቆመ፤ ኬላዎቹም በተለይ ሁለት ነገር ይጠብቁ ነበር፤ ወደ ኤዶ የሚገባ ጠመንጃና ከኤዶ የምትወጣ ሴት። የአንድ መስፍን ሚስት ሹልክ ብላ ከወጣች ባልዋ ሊሸፍት ነው ማለት ነውና።

በ1619 የቆመው የሃኮኔ ኬላ በአሺ ሐይቅና በተራራው መካከል በጠባብ ቦታ ላይ ነበር። እዚያ የምትደርስ ሴት መልክዋና ምክንያትዋ የተጻፈበት የይለፍ ወረቀት ማሳየት ነበረባት፤ ለዚሁ ሥራ የተቀመጡ ሴት ጠባቂዎችም ጠጕርዋን ሳይቀር ፈትተው ይመረምሩአት ነበር። ተራው ወንድ ገበሬም ሆነ ነጋዴ ከመንደሩ ሹም ወይም ከቤተ መቅደሱ የተሰጠው ወረቀት ሊኖረው ይገባል። በወረቀቱ ላይ ያለ ክርክር የሚጻፉት ምክንያቶች ጸሎትና ሕክምና ነበሩ። ተራራ አይቶ ለመደሰት ልሂድ ብሎ የሚያመለክት ሰው ሥራ ፈት መሆኑን በገዛ አፉ እንደ መሰከረ ይቈጠር ነበር።

አሁን የመሬቱን አቀማመጥ ማስተዋል ይገባል። «የሃኮኔ ሰባት ፍል ውሃዎች» የሚባሉት ዩሞቶ፥ ቶኖሳዋ፥ ዶጋሺማ፥ ሚያኖሺታ፥ ሶኮኩራ፥ ኪጋና አሺኖዩ ሁሉም የሚገኙት ከኬላው ወዲህ በኤዶ በኩል ነው። ስለዚህ አንዲት የኤዶ ሴት የሃኮኔን ኬላ ሳታልፍ ከከተማው ወጥታ ተራራ ላይ ሰንብታ ልትመለስ ትችል ነበር። ውሃው የሚፈልቅበትን ቦታ የመረጠው እሳተ ገሞራው እንጂ ሾጉኑ አይደለም፤ ነገር ግን ውሃው አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ወዲያ ማዶ ቢፈልቅ ኖሮ የሃኮኔ ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር ለማለት ያስደፍራል።

በፍል ውሃ መታከም በጃፓንኛ ቶጂ ይባላል። ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። ታካሚው ሰባት ቀን ይቀመጣል፤ ይህም «አንድ ዙር» ነው። በደንብ ልታከም ያለ ሰው ሦስት ዙር፥ ማለት ሃያ አንድ ቀን ይሰነብታል። ጠበል ቦታ ገብቶ ቀን የሚቈጥር ሰው ላየ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ታካሚዎቹ ሩዛቸውንና ድስታቸውን ይዘው በመምጣት ወይም ከቦታው በመግዛት ለራሳቸው ያበስሉ ነበር። ቀኑ ረጅም ስለ ሆነ በመካከሉ በእግር እየዞሩ ፏፏቴ ማየት፥ ከአንዱ ፍል ውሃ ወደ ሌላው እየሄዱ ውሃ መቅመስ፥ ከማያውቁት ሰው ጋር መጫወት የሕክምናው ክፍል ሆነ። በ1811 ስለ ሰባቱ ፍል ውሃዎች በሥዕል የተዘጋጀ መምሪያ መውጣቱ ሰው ለመዳን ብቻ ሳይሆን ለማየትም ይሄድ እንደ ነበር ያስረዳል።

ታላላቆቹ ሰዎች ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበራቸው። ኢየያሱ በ1604 ከሃኮኔ በስተ ደቡብ በባሕር ዳር በምትገኘው በአታሚ ሰባት ቀን ተቀምጦ ታጥቧል። ከእሱ በኋላ የመጡት ሾጉኖች ግን ከአታሚና ከሃኮኔ ፍል ውሃ በበርሜል ተሞልቶ በሰው ትከሻ ወደ ኤዶ ቤተ መንግሥት እንዲመጣላቸው ያደርጉ ነበር። ሕዝቡ ወደ ውሃው ሲሄድ ሹሙ ውሃውን ወደ ራሱ አስመጣ፤ የውሃው ዝናም በዚህ ምክንያት ይበልጥ ገነነ።

ስለ ሕመም ይህን ያህል ካልን ወደ ጸሎት እንሻገር። ከኤዶ ወደ ኦያማ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለደኅና እግረኛ የሁለት ቀን መንገድ ይሆናል። ተራራው ዝናም ሰጪ ተብሎ በገበሬዎች ዘንድ የተከበረ ሲሆን፥ በኤዶ ዘመን ደግሞ በአናጢዎች፥ በእሳት አደጋ ተከላካዮችና በሌሎችም የከተማ ሠራተኞች ዘንድ ተወዳጅ ሆነ። እነዚህ ሰዎች በየሠፈራቸው ማኅበር ይገቡ ነበር። እንደኛ ዕቁብ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ ያጠራቅማሉ፤ ከዚያ በዕጣ ወይም በተራ የሚመረጡት ሰዎች በማኅበሩ ስም ሄደው ይሳለማሉ። የኤዶ ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ያህል ይሆናል በሚባልበት ጊዜ ወደ ኦያማ የሚሄደው ተሳላሚ በዓመት እስከ 200,000 ይደርስ ነበር ተብሎ ይነገራል። ከመሄዳቸው በፊት በሱሚዳ ወንዝ ውስጥ በርዮጎኩ ድልድይ አጠገብ ገብተው ሰውነታቸውን ያነጻሉ፤ ስለት ያለበት ከእንጨት የተሠራ ሰይፍ ተሸክሞ ይሄዳል፤ አንዳንዱም ሰይፍ ከተሸካሚው ቁመት እጅግ ይበልጥ ነበር።

የኦያማ ጫፍ ለተሳላሚ የሚከፈተው በክረምቱ በድሮው የጨረቃ አቈጣጠር ከስድስተኛው ወር 27ኛ ቀን እስከ ሰባተኛው ወር 17ኛ ቀን ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹ ቀኖች የሙታን መታሰቢያ ከሆነው ከቦን በዓል ጋር ይገጥማሉ። ቦን ደግሞ ዕዳ የሚከፈልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ባለ ዕዳው ሰው አበዳሪው ደጁን ሲመታ «ኦያማ ሊሳለም ሄዷል» የሚል መልስ ትቶ ይጠፋ ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩ ቀልደኛ ገጣሚዎች በዚህ ብዙ ተሳልቀዋል። አበዳሪውም ቢሆን ሊሳለም የሄደን ሰው መውቀስ ያስቸግረዋል። በሚመለሱበት ጊዜ ብዙዎቹ በባሕሩ በኩል ዞረው የኤኖሺማን ደሴት አይተው፥ አሣ በልተውና ጠጥተው ይገቡ ነበር። ይህን ሁሉ ከጸሎቱ ነጥሎ እዚህ ላይ ሃይማኖቱ አበቃ፥ ሽርሽሩ ጀመረ ለማለት መሞከር ትርፍ የሌለው ድካም ይመስለናል። አንድ ነገር ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም፤ ሴቶች በኦያማ እስከ ተራራው ወገብ እንጂ እስከ ጫፍ መውጣት አይፈቀድላቸውም ነበር። የማኅበሩ ደስታ በአብዛኛው የወንዶች ነበረ።

ከዚህ ቀጥሎ በ1805 ወደ ተነሣው ክርክር እንገባለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ይበልጥ ልናስተውለው የሚገባው ይኸው ነው።

በቶካይዶ መንገድ ላይ ያሉት ጣቢያዎች የመንግሥት መልእክተኛና መስፍን ሲያልፍ ጭነት የሚያጓጕዙ 100 ሰዎችና 100 ፈረሶች እንዲያዘጋጁ ግዴታ ነበረባቸው። ይህ ከባድ ዕዳ ነው። በምትኩ የተሰጣቸው መብት መንገደኛን የማሳደር መብት ነበር፤ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ያለ መንደር ተራ መንገደኛን እንዳያሳድር ተከልክሏል። ኦዳዋራ በሜዳው በኩል፥ ሃኮኔ በተራራው ላይ ሁለት ጣቢያዎች ሲሆኑ፥ በመካከላቸው ያለው መንገድ አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን አስቸጋሪ ዳገት ነው። መንገዱ በዝናም ጊዜ ጭቃው እያሰመጠ ስላስቸገረ ቀርከሃ ይነጠፍበት ነበር፤ በ1680 ግን በድንጋይ ተነጠፈ። ከዚያ ንጣፍ የተረፈውን ክፍል የዛሬ እግረኞች እየረገጡት ይሄዳሉ። ዩሞቶ ያለችው በዚህ ዳገት መጀመሪያ ላይ ነው።

ዩሞቶ የመንገደኛ ጣቢያ አይደለችም፤ ፍል ውሃ ግን አላት። ለታካሚ ቤት ማከራየት ደግሞ አልተከለከለም። እንግዲህ ወደ ኢሴ መቅደስ ወይም ወደ ፉጂ ተራራ የሚሄዱ ማኅበርተኞች በመንገዳቸው ዩሞቶ ገብተው፥ በሙቅ ውሃው እግራቸውን አሳርፈው፥ አድረው በማግሥቱ ይቀጥሉ ጀመር። ይህም «የአንድ ሌሊት ሕክምና» ተባለ። ኦዳዋራና ሃኮኔ እንግዳቸው ሲቀንስ ዝም ብለው አላዩም። እነዚህ ሰዎች መንገደኞች እንጂ ታካሚዎች አይደሉም፤ በአንድ ሌሊት የሚድን በሽታ የለም፤ ዩሞቶ በሕክምና ስም የኛን እንጀራ እየወሰደች ነው ብለው የመንገዶች ጉዳይ ሹም ዘንድ ከሰሱ።

የተከሳሾቹ መከላከያ ቀላል ነበር፤ ወደ ፍል ውሃ የሚመጣን ሰው ቀኑ አጠረም ረዘመም መቀበል የቈየ ልማዳችን ነው የሚል ነው። ውሳኔው ለዩሞቶ የሚስማማ ሆነ፤ የአንድ ሌሊቱ ታካሚ እንደ ታካሚ እንዲቈጠር ተፈቀደ።

ክርክሩ በላዩ ሲታይ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች የገንዘብ ጠብ ነው፤ በእርግጥም እንዲሁ ነበር። የኦዳዋራም አቤቱታ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ መቶውን ፈረስ የሚቀልበው እሱ ነበርና። ነገር ግን ከዚህ ፍርድ በኋላ ሕክምና ማለት ሃያ አንድ ቀን ወይም ሰባት ቀን መሆኑ ቀረ። አንድ ሌሊት ሕክምና ከሆነ፥ ታመምሁ ብሎ ምስክር ማቅረብ የማያሻው ጤነኛ ሰውም ገብቶ ሊታጠብ ይችላል ማለት ነው። ሕጉ «ደስታ ይፈቀዳል» አላለም፤ ደስታ በሩን ገፍቶ ሲገባ ግን አይቶ እንዳላየ አለፈው።

በ1868 የሾጉኖች አገዛዝ ሲወድቅ ኤዶ ቶኪዮ ተባለች፤ በ1869 የሃኮኔ ኬላ ፈረሰ። በ1868ቱ አዋጅ የሺንቶና የቡድሃ እምነቶች እንዲለያዩ ስለ ተደረገ፥ በኦያማ ወገብ ላይ የነበረው የቡድሃ መቅደስ ቦታውን ለአፉሪ መቅደስ ለቀቀ። በ1872 ደግሞ ሴቶች ወደ ቅዱሳን ተራሮች እንዳይወጡ የሚከለክለው ልማድ በመንግሥት ትእዛዝ ተሻረ። በአራት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል አጥር መነሣቱ ያስደንቃል። ሆኖም አጥሩ ሲነሣ ወዲያው ሁሉም ሰው ዘሎ አልወጣም፤ የሚያወጣው ጊዜና ገንዘብ ገና አልነበረውምና።

አስገራሚው ነገር አሮጌው ጥያቄ በዚህ ጊዜ ለባዕዳን መቅረቡ ነው። በውሉ መሠረት በዮኮሃማ የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ከወደቡ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እንዲርቁ ተፈቅዶላቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ፥ ለምሳሌ ወደ ሃኮኔ፥ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ከ1870ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለዚህ ወረቀት ተቀባይነት ያላቸው ምክንያቶች ጤናና ሳይንሳዊ ጥናት ነበሩ። እንግሊዛዊው ነጋዴና የመርከብ ሹሙ በሰኔ ሙቀት ድንገት «ታመው» ወደ ተራራ ይሄዱ ነበር። የኤዶ አናጢ በሚገባ ያስተማረው ዘዴ ነው። ይህ ደንብ የቀረው በ1899 ነው።

ለእነዚህ እንግዶች ያማጉቺ ሴንኖሱኬ የሚባል ሰው በ1878 በሚያኖሺታ ፉጂያ ሆቴልን ከፈተ። እዚያው ጐረቤት የነበረው ናራያ የተባለው አሮጌ ማረፊያ ተፎካካሪው ሆነ፤ በ1893 ግን ሁለቱ ተስማምተው ፉጂያ የውጭ አገር ሰዎችን ብቻ፥ ናራያ ጃፓናውያንን ብቻ እንዲቀበሉ ወሰኑ፤ ስምምነቱም እስከ 1912 ጸና። ጀርመናዊው ሐኪም ኤርቪን ቤልትስም በ1876 መጥቶ የጃፓንን ፍል ውሃዎች በዘመናዊ ሕክምና መርምሮ ዋጋቸውን አስታወቀ። በዚህ ሁኔታ አሮጌው ቶጂ በላቦራቶሪ ቋንቋ እንደ ገና ተጻፈ።

ከዚያ በኋላ ጉዞውን ያሳጠረው የምድር ባቡር ነው። የቶካይዶ የባቡር መስመር በ1887 ኮዙ ደረሰ፤ በ1888 ከኮዙ እስከ ዩሞቶ በፈረስ የሚጐተት ባቡር ተዘረጋ፤ በ1900 በኤሌክትሪክ ተተካ። በአታሚ በኩል ደግሞ በ1896 ከኦዳዋራ ጋር የተገናኘው ባቡር የሚገፋው በሰው ጉልበት ነበር፤ 25 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ አራት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ሦስተኛ ማዕረግ የተሳፈረው ሰው ዳገት ሲሆን ወርዶ እንዲገፋ ይደረግ ነበር ይባላል። እውነት ከሆነ የእግር ጉዞውንና የባቡር ጉዞውን ባንድ ቲኬት አገኘ ማለት ነው።

በ1919 ከዩሞቶ እስከ ጎራ የተከፈተው የተራራ ባቡር ግን በቁም ነገር ሊታይ የሚገባው ሥራ ነው። በየ1,000 ሜትሩ እስከ 80 ሜትር ይወጣል፤ ዳገቱ ከአቅም በላይ በሚሆንበት ሥፍራ ባቡሩ ቆሞ ወደ ኋላ ተመልሶ በሌላ ሐዲድ ይወጣል፤ እንዲህ ያለ መመለሻ ሦስት ቦታ አለው። ኩርባው እጅግ ጠባብ በመሆኑ ጐማው ሐዲዱን እንዳይበላው ማለስለሻ ያስፈልጋል፤ ዘይት ቢቀባ ግን ባቡሩ በዳገቱ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ባቡሩ ውሃ ተሸክሞ እየሄደ ሐዲዱን በውሃ ያርሳል።

1927 በዚህ ታሪክ ውስጥ የተለየ ዓመት ነው። በጥር ወር በታካኦ ተራራ ላይ በሽቦ ገመድ የሚሳብ ባቡር ሥራ ጀመረ። በሚያዝያ ወር የመጀመሪያ ቀን የኦዳክዩ ኩባንያ ከሺንጁኩ እስከ ኦዳዋራ 82 ኪሎ ሜትር ተኩል የሚሆነውን መስመር ከፈተ። መስመሩ የሚያልፈው በኦያማ ግርጌ ነው፤ ተሳላሚው በሁለት ቀን ይሄድበት የነበረውን መንገድ በጥቂት ሰዓት አደረገው። በኦያማም በ1931 የገመድ ባቡር ተሠራ። ከሰኔ 1935 ጀምሮ ኦዳክዩ በየቅዳሜው ከሺንጁኩ ተነሥቶ በመካከል ሳይቆም በ90 ደቂቃ ኦዳዋራ የሚገባ «የሳምንት መጨረሻ የፍል ውሃ ፈጣን ባቡር» አቆመ። በ1936 የፉጂና የሃኮኔ ብሔራዊ ፓርክ ተመሠረተ። ሃይኪንግ የሚለው ባዕድ ቃልም በዚያን ጊዜ በሕዝቡ አፍ የተለመደ ሆነ።

ቅዳሜ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ1876 ጀምሮ እሑድን ሙሉ፥ ቅዳሜን ግማሽ ቀን ያርፉ ነበር፤ ባንኮችና ታላላቅ ኩባንያዎችም ይህንኑ ተከተሉ። ፋብሪካው ግን ሌላ ነው። በ1911 ወጥቶ በ1916 ሥራ ላይ የዋለው የፋብሪካ ሕግ ለሴቶችና ለልጆች ያስገኘላቸው የዕረፍት ቀን በወር ሁለት ብቻ ነበር፤ ላደገ ወንድ ሠራተኛ ምንም አልደነገገም። በ1930ዎቹ ሥዕሎች ላይ በተራራ ጫፍ ፈገግ ብለው የሚታዩት ወጣቶች እንግዲህ ጸሐፊዎችና ተማሪዎች እንጂ፥ የለበሱትን ጨርቅ የፈተሉት ልጃገረዶች አይደሉም። ኬላው ከሃኮኔ ተነሥቶ ወደ ፋብሪካው በር ሄዷል ለማለት ይቻላል።

በ1937 ከቻይና ጋር ጦርነት ሲጀመር ደስታ እንደ ገና መሸፈኛ አስፈለገው። መሸፈኛዎቹም የድሮዎቹ ነበሩ። በ1938 የተቋቋመው የጤና ጉዳይ ሚኒስቴር የእግር ጉዞን ሰውነትን ለአገር ማጠንከሪያ ነው ብሎ አስፋፋው፤ ጉዞዎቹም ወደ መቅደሶችና ወደ ንጉሠ ነገሥታት መቃብር እንዲደረጉ ይመከር ነበር። የንጉሠ ነገሥት ታይሾ መቃብር በ1927 የተሠራው በታካኦ አቅራቢያ ስለ ሆነ ተራራውን ለመውጣት የፈለገ ሰው ምክንያት አላጣም። ኋላ ግን ይህም አልበቃም። ፈጣኑ የፍል ውሃ ባቡር ተቋረጠ። በ1944 የታካኦና የኦያማ የገመድ ባቡሮች ቆሙ፤ የኦያማው ሐዲድ ለብረቱ ሲባል ተነቀለ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በባቡር ለመጓዝ የባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል ተባለ። ኬላው በፈረሰ በ75ኛው ዓመት «ለምን ትሄዳለህ?» የሚለው ጥያቄ ተመልሶ መጣ።

ከጦርነቱ በኋላ የተደረገውን ለውጥ ብዙ ሰው ከባቡሩ ፍጥነት ጋር ያያይዘዋል። በኛ አስተያየት ግን ዋናው ነገር በ1947 የወጣው የሥራ ሕግ ነው፤ ለማንኛውም ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን ደነገገ። በቀኑ ምን እንደሚያደርግበት አይጠይቅም። በማግሥቱ ዓመት የወጣው የፍል ውሃ ሕግም በተመሳሳይ መንገድ ተጻፈ፤ ከመሬት ሲወጣ 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ወይም የተወሰኑ ማዕድኖችን የያዘ ውሃ ፍል ውሃ ነው አለ። የሚታጠበው ሰው የታመመ ይሁን ጤነኛ በትርጓሜው ውስጥ የለም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ የታወቀ ስለ ሆነ አናስረዝመው። የኦዳክዩ ባቡሮች በ1950 በቀጥታ ዩሞቶ መድረስ ጀመሩ፤ ለዚህ መስመር የተሠራው አዲስ ባቡር በ1957 በሙከራ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ሮጦ በጠባብ ሐዲድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ጊዜ ኦዳክዩና ሴይቡ የሚባሉት ሁለት ኩባንያዎች በሃኮኔ መንገደኛ ላይ እስከ ፍርድ ቤት የደረሰ ጠብ ነበራቸው፤ በአውቶቡስ፥ በሐይቅ ጀልባና በግል መንገድ ተጣሉ። ኦዳክዩ በሴይቡ መንገድ ላይ ማለፍ ሲከለከል፥ በእሱ ወገን የነበረው ድርጅት በ1959ና በ1960 በኦዋኩዳኒ ላይ በአየር የሚያልፍ የሽቦ መንገድ ዘረጋ። ጠቡ በስምምነት ያበቃው በ1968 ነው። የ1805ን ክስ ላነበበ ሰው ተከራካሪዎቹ ስማቸውን ለውጠው የቀረቡ ይመስለዋል።

በታካኦ በኩል የኬዮ ኩባንያ መስመር ከተራራው ሥር የደረሰው በ1967 ነው። ይህ መስመር በአብዛኛው የኮሹን አሮጌ አውራ ጎዳና ተከትሎ ይሄዳል። በጥቅምት ወር 1964 አበበ ቢቂላ ከሺንጁኩ አጠገብ ካለው ስታዲየም ተነሥቶ በቾፉ ከተማ ዞሮ የተመለሰው በዚሁ ጎዳና ላይ ነበር፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ፈጀበት። እሑድ እሑድ ወደ ታካኦ የሚሄደው ሰው፥ ባያውቀውም፥ ኢትዮጵያዊው በድል ካለፈበት መንገድ ጐን ለጐን ይጓዛል።

ኩባንያና ሕግ ሁሉን አይወስኑም። በ2015 በኦዋኩዳኒ አነስተኛ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ሲደርስ በሸለቆው ዙሪያ መግባት ተከለከለ፤ የሽቦው መንገድም ቆመ። ጥቅምት 12 ቀን 2019 በአውሎ ነፋስ ምክንያት በሃኮኔ በአንድ ቀን 922.5 ሚሊ ሜትር ዝናም ጣለ፤ ይህም በጃፓን በአንድ ቀን ከተመዘገበው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። የተራራው ባቡር ሐዲድ በብዙ ቦታ ተበጣጥሶ እስከ ሐምሌ 23 ቀን 2020 ድረስ ተዘግቶ ቈየ። በእነዚያ ወራት ከዩሞቶ ወደ ላይ የሚወጣው ሰው በአውቶቡስ ይሄድ ነበር፤ በድንጋዩ ንጣፍ መንገድ በእግሩ መሄድ የፈለገም አልታጣም።

ታካኦ በተለምዶ በ744 ተመሠረተ የሚባል ያኩኦኢን የተባለ መቅደስ ያለው፥ ዛፉም ለብዙ ዘመን ተጠብቆ የኖረ ተራራ ነው፤ እንደ ሃኮኔ ግን በፍል ውሃ የታወቀ አልነበረም። በ2015 ኬዮ ከ1,000 ሜትር ያህል ጥልቀት ውሃ አስቈፍሮ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ መታጠቢያ ቤት ከፈተ። ከተራራው የወረደ ሰው ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ፥ በትልቁ ገንዳ ውስጥ ጉልበቱን አሳርፎ፥ ሲወጣ በጥቂት እርምጃ ባቡሩ ውስጥ ይገባል፤ ሺንጁኩ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል።